የሊያ አጎት

«ፊትህን አታኮሳትር፤ የአጎት ፊት ይኑርህ» አለ አጥናፉ፣ የበፍቃዱን ኮሌታ እያስተካከለ።

«የአጎት ፊት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«ሲያዩት የማያስፈራ፣ ብድር ሲጠይቁት ግን የማይሰማ።»

በፍቃዱ ሳቀ። ውቤ በረሃ ያለችን አንዲት ክፍል በአፉ ብቻ ቪላ የሚያደርጋት ደላላ ነው፤ አጎትነት አይከብደውም። ሁለቱም ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ተለጥፈዋል።

የአጥናፉ እንጀራ መጠርጠር ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ፣ የመጣለትን ቀለበት ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሽቶ፣ አሲድ ጠብ አድርጎ ሳያይ ወርቅ ነው ብሎ አያውቅም፤ የገዛ ሚስቱን የቃል ኪዳን ቀለበት ሳይቀር አሽቶታል። የግል ትምህርት ቤቱ ክፍያ ሽቅብ ሲሮጥ ጊዜ፣ ሚስቱ አዲስአለም የሰባት ዓመት ልጃቸውን ሊያን መስከረም ላይ እዚህ አስገባቻት። እሱም አፉን ዘጋ፤ ልቡን ግን አልዘጋም። የግሉ በየቀኑ በቴሌግራም ፎቶ ይልክለት ነበር፦ ሊያ ስትበላ፣ ሊያ ስትስል፣ ሊያ ስታስነጥስ። ከዚህኛው ወሬ የለም። የመንግሥት ነገር የማንም አይደለም፣ የማንም ያልሆነ በር ደግሞ ለማንም ይከፈታል፣ ብሎ ደመደመ። እና ሊያ አይታው የማታውቀውን ሰው «አጎቷ ነኝ፣ ስጡኝ» እንዲል አዘጋጀ። ከሰጡት፣ አዲስአለም ብትጮህም ብታለቅስም፣ ልጅቷ ከነገ ጀምሮ እዚህ ደጅ አትደርስም።

በፍቃዱ ሱሪውን ከፍ አድርጎ መንገዱን ተሻገረና የብረቱን በር ደበደበ። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተች። ዘበኛዋ ካፖርት የደረበች ጠና ያለች ሴት ናት። ሊያ ማታ ማታ «እትዬ የሺዓለም እንዲህ አለች» የምትላት ይቺ ትሆን? አጥናፉ እስካሁን የክፍሏ አስተማሪ ትመስለው ነበር።

«እንደምን አሉ እትዬ! ሊያ አጥናፉን ፈልጌ ነበር። አጎቷ ነኝ።» የበፍቃዱ ድምፅ እንኳን መንገድ፣ ድልድይ ይሻገራል።

«ምነው፣ በሰላም?»

«አያቷ ታመው፣ ልጅቷን ካላየሁ ብለው።»

«ውይ፣ እግዜር ይማራቸው! ግባ፣ ግባ» አለችና ትንሿን በር ከፈተችለት።

«አላልኩም!» አለ አጥናፉ ለሚኒባሱ። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ደስታው ቀፈፈው። ልጁ ስትወሰድ የሚፈነድቅ አባት የት አገር አለ?

በሩ ከበፍቃዱ ኋላ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ጓ አለ።

«ተክላይ! መምህር ሚናስ! ኑ እስቲ፣ አጎት መጥቷል!» አለች የሺዓለም ከውስጥ። ሩጫ ተሰማ። «የልጅቷ አያት ኅዳር ላይ አርፈዋል! ሌላ አያትም የላትም! እዚህ ጉያዬ ውስጥ ነው ያለቀሰችው፣ አንተ ውሸታም!»

«ኧረ ቀስ! ሸሚዜን! አጥኔ! አጥኔ ናልኝ፣ ጀለስህ አለቀ!»

አጥናፉ መኪና እያስደነገጠ ሮጠ። ኅዳር ላይ የሞተችው እናቱ ናት። ሊያ እቤት አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም፤ ገና ልጅ ናት፣ አልገባትም፣ ብሎ ነበር።

«ይክፈቱልኝ! አባቷ ነኝ! የላክሁት እኔ ነኝ!»

በመስኮቷ አንድ ዓይን ብቅ አለ። «አጎቱ አንሶ አባት መጣ? የክርስትና አባቷስ በመንገድ ላይ ነው?»

«እውነቴን ነው እትዬ፤ ለፈተና ነው የላክሁት።»

«እዚህ ፈተና የምንሰጠው እኛ ነን። ሰውየውን ከየት ታውቀዋለህ?»

«ደላላ ነው። ከተዋወቅን እንኳ ገና... ሁለት ሳምንት ቢሆነን ነው።»

«ስሙልኝ! እኛን አላምን ብሎ ልጁን ለደላላ!»

መታወቂያውን አውጥቶ በመስኮቷ አሾለከ። አልተቀበለችውም።

«ፒያሳ ላይ በሐሰት የማይሠራ መታወቂያ አለ? እኔ ከመስከረም ጀምሮ እዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ። እናቷን በዝናብም በፀሐይም አውቃታለሁ። አንተን አንድ ቀን አይቼህ አላውቅም።»

አጥናፉ መታወቂያውን ወደ ኪሱ መለሰ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያሽ ኖሮ፣ ራሱ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«ልጅቷ ትምጣ» አለች የሺዓለም።

ሊያ መጣች። በመስኮቷ በኩል ያያታል፤ ዩኒፎርሟ ላይ ቾክ በኗል። የሺዓለም ጎንበስ አለችላትና፣ በተክላይና በመምህር ሚናስ መሃል አፈር ላይ የተቀመጠውን በፍቃዱን አሳየቻት። ሊያ ራሷን ነቀነቀች፤ አላውቀውም።

«ጎበዝ፣ እሙዬ። አሁን ደግሞ ይህን እዪ። አትፍሪ፣ አለሁ።» በሩን አንድ ስንዝር ገርበብ አደረገችው፤ እግሯን ግን ከኋላው ደግፋለች።

የሊያ ፊት መጀመሪያ ፈካ።

«አባቴ ነው» አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ባለበት ቀረ። እጇ የየሺዓለምን ካፖርት ፈልጎ ጨበጠ። «እማዬ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፣ የኔ ልጅ። እንዲሁ ነው የመጣሁት» አለ አጥናፉ፣ እጁን በክፍተቱ አሾልኮ እየዘረጋ።

ሊያ እጁን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እውነቱን እንደሆነ ለማወቅ የየሺዓለምን ፊት አየች። ካፖርቱን አልለቀቀችም።