መስመሩ ከተቀየረ ወዲህ

የጭሮ ዋና መንገድ ሊሰፋ ተቆፈረና የባጃጆቹ መስመር ተቀየረ። ድሮ ቀጥ ብለው ይሄዱ የነበሩት አሁን ከተማውን ዞረው፣ ገበያውን አቋርጠው፣ አንዳንዴም የመጡበትን ቦታ እንደገና ሰላም ብለው ነው የሚያልፉት። የአሥር ደቂቃው ጉዞ አንድ ሰዓት ሆነ።

አቶ ህሩይ በዞኑ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤታቸው ይገቡ ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ተኩልም ያልፋቸዋል።

«መስመሩ ነው» ይላሉ ሲጠየቁ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ ይህ አልተዋጠላቸውም። እርግጥ እሳቸውም ገበያው ውስጥ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው በዚያው መስመር ነው የሚመለሱት፤ እሳቸውም ያመሻሉ። ግን የራሱን ማምሸት ማን ይቆጥራል?

ከዚያ ህሩይ አዲስ ጠባይ አመጡ። ማታ ማታ ዓይናቸውን ከወጡ ላይ ሳያነሱ፣ «ዛሬ በማን ባጃጅ መጣሽ?» ማለት ጀመሩ።

እቴነሽ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ባል ሚስቱ በምን እንደምትመጣ የሚጠይቀው መንገድ ላይ እንዳታገኘው ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አይጠፋም ስንጥር።

ማክሰኞ ዕለት ሱቃቸውን በጊዜ ዘጉና ማታ ማታ ወደ ቤት የሚያደርሳቸውን ደንበኛቸውን መስዑድን ጠሩ። መስዑድ ገና ያላገባ፣ ፀጉሩን በየቀኑ ቅባት የሚያጠጣ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ማሎ አዮ፣ እባክዎ እናቴ፣ እዚህ ተገትረን ምን እናደርጋለን?» አለ።

«ዝም ብለህ መጋረጃውን ጋርደው!»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ህሩይ ወጡ፣ ባጃጅ ያዙ። እነመስዑድም ተከተሉ። የህሩይ ባጃጅ ጫት ተራውን ዞሮ ገበያው ውስጥ ቆመ፤ ያውም ሽቶ ከምትሸጠው ከሂክማ ደጃፍ። የሂክማ ሱቅ ከእቴነሽ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ህሩይ መጀመሪያ የሚስታቸው ሱቅ መቆለፉን በደንብ ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ ሂክማ ገቡ።

«አየህ?» አሉ እቴነሽ። «አለመኖሬን አረጋግጦ እኮ ነው!»

በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቁ። ሂክማ ከንፈሯን መጠጠች። ውሃ በብርጭቆ አቀረበችላቸው። ህሩይ ጠጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ሐሙስ ደግሞ ህሩይ ሽቶ በእጃቸው ይዘው ወጡ። ማታ ራት ላይ ሲቀርቡ ጢማቸው ከሰል መስሏል። ቀለሙ ጆሯቸውንም አልማረውም።

«ምነው ጠቆርክ?» አሉ እቴነሽ።

«አርጅቻለሁ ብለሽ ነው?» አሉ ህሩይ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

እቴነሽ ያን ሌሊት ትራሳቸውን ነክሰው አለቀሱ። ከሁሉም የከፋቸው ሰውየውን አሁንም መውደዳቸው ነው። ጠዋት ተነስተው የነፍስ አባታቸውን ለቅዳሜ ጠሩ፤ «ሠላሳ ዓመት ይበቃል፣ እንለያያለን» ሊሏቸው ቆርጠዋል።

አርብ ግን መስዑድም መረረው። «አዮ፣ አራት ቀን ሙሉ እኔና እርስዎ እዚህ መጋረጃ ውስጥ ተቀምጠን ሰው ምን ይለናል? ወርደው ይጠይቋት!»

ህሩይ ከሂክማ ሱቅ ወጥተው እስኪሄዱ ጠበቁ። ከዚያ እቴነሽ ከባጃጁ ዘለው ወረዱ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ የሂክማን በር በትከሻቸው ከፍተው ገቡ። ሁለት የሽቶ ጠርሙስ ወደቀ።

«ባሌን ምን አድርገሽብኝ ነው? ነገ ትዳሬን ላፈርስ ነው፣ እውነቱን ንገሪኝ! በየቀኑ እዚህ ምን ይሠራል?»

ሂክማ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ በሩ ላይ ባጃጁን አስነስቶ የሚጠብቀውን መስዑድን አየች። እንደገና ከንፈሯን መጠጠች።

«ወላሂ እትዬ፣ እኔን ከጉዳያችሁ አውጡኝ፤ ጋሼ ህሩይ በየቀኑ እየመጡ እንባቸው እየወረደ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹እቴነሽ ዛሬም ሱቋን ዘግታ ከዚያ ባለባጃጅ ጋር ሄደች?›»