የተከናነበችው ምራት

ማንደፍሮ የቲቢ መድኃኒት በጀመረ ሰሞን እናቱ ትራሱ ላይ ብርቱካናማ እድፍ አይታ፣ ደም መስሏት እሪ ብላ ነበር። ያረጋጋቻት ነርሷ ናት። «አይደንግጡ እማማ፣ መድኃኒቱ ነው። ሽንቱንም፣ ላቡንም፣ እንባውንም እንዲህ ያደርገዋል።» ሕክምናው ግን ዘግይቶ ኖሮ ልጇን አላተረፈላትም።

በለቅሶው ዕለት አንጀቷን ያሳረራት የልጇ ሞት ብቻ አልነበረም፤ ሚስቱም ጭምር እንጂ። ያቺ ሴት በመጨረሻው ሰሞን ማዕዷን ለይታ፣ መኝታዋን ለይታ፣ አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የከረመችው። ዛሬም ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ሲላቀስ፣ እሷ ፊቷን ተከናንባ ከድንኳኑ ጥግ ብቻዋን ኩርምት ብላለች።

እናት ብድግ ብላ ሄዳ ፊቷ ቆመች።

«ልጄን በቁሙ ተጸየፍሽው! አሁን ደግሞ እንባ የሌለው ዓይንሽን ሰው እንዳያይብሽ ትሸፋፈኛለሽ?»

«እማዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይጠጉኝ» አለች ምራቲቱ፣ ድምጿ ሰልሎ።

ይሄኔ እናት ቱግ አለች። ነጠላውን ከፊቷ ላይ መንጭቃ ወሰደችው።

እጇ ላይ የቀረው ነጭ ነጠላ በእንባ ርሷል። የራሰው ቦታ ሁሉ ብርቱካናማ ነበር።