ቀንድ ለቀንድ

ፓሌአ ሚስቱን የቀበራት ከጎጆው ጀርባ፣ ከትልቁ የኮአ ዛፍ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ከማውና ኬአ ተራራ እንዲወርድ የለመነው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር። «እሷን ለማን ትቼ?»

ልጁ ሚሊያማ ብዙ ጊዜ ወጥታ ለምናዋለች። መጨረሻ ላይ አልቅሳ ወረደች፤ ደግማም አልመጣች።

ሥራው የዱር ኮርማ መያዝ ነው። በጠፍር ይጠልፈውና ከግንድ ጋር አስሮ ጉልበቱ እስኪዝል ይተወዋል። ከዚያ ታች ካለው ከብት እርባታ ሆአ የሚባለው ገራም በሬ ይመጣለታል። ሁለቱን ቀንድ ለቀንድ አስሮ ይለቃቸዋል። ነጂ የላቸውም። ሆአ ቢዘገይም ኮርማውን ይዞ በረቱ መግባቱ አይቀርም፤ በሩ ላይ ሚሊያማ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይዛ ትጠብቀዋለች።

አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ፣ የእርባታው አለቃ ካሌኦ ሆአን እየሳበ መጣ። ከኋላው እጁ የታሰረ፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ አስከትሏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ፓሌአ።

«ዮኬፓ ይባላል። ወደብ ላይ ሁለት ሰው ፈንክቷል። ለዳኛ ሊሰጥ ሲል ሚሊያማ ናት የለመነችለት። አባቴ ያልገራው አውሬ የለም፣ እሱ ዘንድ ይሰንብት አለች።» ካሌኦ ይህን ሲል የሚያየው የገዛ ጫማውን ነበር። «ሲለዝብ እርስዎ ራስዎ አምጥተው ያስረክቡት፣ አባባ። ብቻውን ከወረደ ግን እስር ቤት ነው የሚገባው።»

ፓሌአ ገመዱን ነካ ቢያደርገው ቋጠሮው ተፈታ።

«አሁን ይሄ ቋጠሮ ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ አፌዘበት።

ካሌኦ ተመለሰ። ፓሌአ የታሰረውን ኮርማ ከሆአ ጋር አቆራኝቶ ለቀቃቸው። ኮርማው አጓራ፣ ወደ ጫካው ጎተተ። ሆአ ዝም ብሎ ቆመ።

«የሚመራው የትኛው ነው?» አለ ዮኬፓ።

«የዱሩን ብትጠይቀው እኔ ነኝ ይልሃል።»

«ሆአስ?»

«ሆአ አይታገልም። ሲጎትተው ይቆማል፤ ያኛው ሲደክመው አንድ እርምጃ ወደ ቤቱ። ደግሞ ይቆማል። አንተም እንደዚያ ኮርማ ነህ፤ ትደክማለህ።»

ዮኬፓ በሬዎቹ ከዓይን እስኪጠፉ ድረስ አያቸው።

ፓሌአ አላመነውም። ቢላዋውን ምንጣፉ ሥር ደበቀ፣ ኮርቻውን ቤት አስገባ። ሰውየው ሁልጊዜ የሚሄደው በግራው በኩል ነበር። የፓሌአ ግራ ዓይን ደግሞ ከፈዘዘ ቆይቷል፤ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ባለፈው ክረምት እሱ ራሱ ገደል ገብቶ ሲያቃስት የደረሰለትን አዳኝ እንኳ «ለልጄ ትንፍሽ እንዳትል» ብሎ አስምሎታል። እናም ዮኬፓ በግራ ሲጠጋው፣ ፓሌአ አለንጋውን ጠበቅ ያደርግ ነበር።

አንድ ጠዋት ፈረሱ ከቦታው ጠፋ፤ ዮኬፓም የለም። ፓሌአ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ንዴት ይመጣብኛል ብሎ ሲጠብቅ የመጣበት ባዶነት ነበር። ጎጆው እንደ ቀብሩ ማግስት ጭር አለበት።

ዮኬፓ ፈረሱን ውሃ አጠጥቶ መጣ።

«ማን ፈቀደልህ? ሌባ!» ብሎ ፓሌአ ጮኸበት። ዮኬፓ ጩኸቱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና «ቁርስ በልተዋል?» አለው።

ሌላ ቀን ደግሞ ከጎጆው እስከ ምንጩ ጠፍር ሲወጥር አገኘው።

«ልብስ ልታሰጣ ነው?»

«እጄ ሥራ ሲፈታ ጠብ ያምረዋል፣ አባባ።»

በማግስቱ ጉም ወረደ። ፓሌአ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ እጁ ሳያስበው ጠፍሩን ይዞ ነበር።

እየዋለ እያደረ ጎደሬውን ለሁለት ሰው መውቀጥ ጀመረ። ዮኬፓ ቋንጣውን አሳስቶ እየቆረጠ ያቀርብለታል። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» እያለ ይቀልድበታል። ፓሌአ ከሳቀ ስንት ዘመኑ፤ ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ሰውየው መለዘቡን ያወቀው ያኔ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። የለዘበ ይመለሳላ።

መቃብሩ ላይ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። «አስረክቤው እመጣለሁ። ከበሩ አላልፍም።»

ሲወርዱ ፓሌአ ብዙ ጊዜ ቆመ። አንዴ ጫማዬ ቆረቆረኝ አለ፣ አንዴ ፈረሱ ይረፍ አለ፤ አንዴማ ጭራሽ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ቀረ። ዮኬፓ አልተከራከረም፤ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው። መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ላይ ሳይጠይቅ ወደ እርባታው ታጠፈ።

ሚሊያማ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። ከጓሮ በጋለ ድንጋይ ተቀብሮ የሚበስል ሥጋ ይሸታል። ፓሌአ በሩ ላይ ሊቆም አስቦ ነበር፤ ዮኬፓ ግን በግራው በኩል እንደወትሮው መራመዱን ቀጠለ፣ ፓሌአም አብሮት ገባ።

«ይኸውልሽ» አላት በኩራት። «በግ አድርጌልሻለሁ።»

«አያለሁ፣ አባዬ።» ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

በእጇ የያዘችውን የተጠበሰ ስኳር ድንች ያየው ይሄን ጊዜ ነው።

«ሆአ እኮ ከእኛ ጋር አልመጣም» አላት።

«አውቃለሁ።»

ከአባቷ ኋላ በሩን ቀረቀረችና፣ ስኳር ድንቹን ለዮኬፓ ሰጠችው።