አርባ ሴንቲሜትር

ክብሩ ፍተሻውን አልፎ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ወደሚከበርበት የሐይቅ ዳር ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ፣ እንደገባ የጨፋሪዎቹን ሰልፍ ቆጠረ። ዘጠኝ ናቸው። በእያንዳንዱ ሰልፍ ወንዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው አንዱ ያዜማል፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ። ከዘጠኙ በአንዱ ውስጥ ጎረቤቱ ሐመሶ አለ። ከቀኝ ጀምሮ የእያንዳንዱን ፊት እያየ ሊፈልገው ወሰነ።

የደረት ኪሱን ነካ። ወረቀቱ አለ። «ከይዞታዬ አርባ ሴንቲሜትር ለጎረቤቴ ለአቶ ሐመሶ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል። ፈርሞበታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አጥር ተጋርተዋል። የክብሩ ሚስት ካረፈች ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ የፍቼ ዋዜማ ከሐመሶ ቤት ይጠሩታል፤ በቅቤ የራሰውን የእንሰት ምግብ፣ ቡሪሳሜን፣ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል። ዓመቱን ሙሉ ከሰው ጋር የሚበላው ያቺን ማታ ብቻ የሆነባቸው ዓመታት ነበሩ። አምና ግን ሐመሶ አጥሩን ሊያድስ ሲነሳ «አንተ ቀያሽ አይደለህ? ወሰኑን አንተው አሳየኝ» አለው። ክብሩ ለካ። ሦስት ጊዜ ለካ። የሐመሶ እንሰት አርባ ሴንቲሜትር ወደ ክብሩ ግቢ ገብቶ ተገኘ። እንደተገኘም በአጥር ሠራተኞቹ ፊት ተናገረ። ሐመሶ ወዲያው ሰባት የደረሱ እንሰቶች ነቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል ሰላምታ ተሰምቶ አያውቅም። ትናንት የፍቼ ዋዜማ ነበር፤ የጠራው የለም።

«ጋሽ ክብሩ!»

የሐመሶ የመጨረሻ ልጅ ሮሆቦት ናት። ሮጣ መጥታ ሳመችው። ጸጉሯ በቅቤ ርሶ ስለነበር ጉንጩ ላይ ቅባት ቀረ።

«ባለ ክራቫቱ ማነው እያልኩ ነበር እኮ! ሰው ጉዱማሌ በክራቫት ይመጣል? ፀሐይዋ ትጨርስዎታለች።»

«አባትሽ የት ነው?»

«አምስተኛው ሰልፍ ውስጥ። በሰባ ሁለት ዓመቱ ከጎረምሶች ጋር ካልዘለልኩ ይላል። ነገ ጉልበቴን ሲል ማን ሊያሸው ነው? እኔው!»

ክብሩ ወደ አምስተኛው ሰልፍ ሄደ። በጣም ተጠግቶ ስለቆመ አንድ ላብ ያጠመቀው ጨፋሪ «አባት፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ! መንገድ ዘጉብን እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ሐመሶ ዞር ብሎ አየው። ክንዱን አላቅቆ ከሰልፉ ወጣ።

«ኢንጂነር!» ብሎ አቀፈው። ሰውነቱ ይግላል፤ እየሳቀ ነው።

ክብሩ ሌሊቱን ያጠናው ንግግር ጠፋበት። ወረቀቱን አወጣ።

«ጋሽ ሐመሶ፣ ስለ አጥሩ ነገር…»

ሐመሶ የክብሩን እጅ ከነወረቀቱ ያዘና መልሶ ወደ ደረት ኪሱ ወሰደው።

«ዛሬ እሱ አይነሳም። ጠብ ከፍቼ በፊት ነው የሚያልቀው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ባለፈው ሳምንት ሾላው ሥር ተቀምጠው ነበር። ቅር ያለው ሁሉ መጥቶ ተናገረ። እኔም ተናገርኩ። አጠገቤ ላንተ ቦታ ይዤ እስኪመሽ ጠበቅሁህ።»

ክብሩ ያን ቀን አስታወሰ። ሽማግሌዎቹ መቀመጣቸውን ሰምቶ እሱም ቤቱ ሲጠብቅ ነው የዋለው። በተወለደበት በመንዝ ሽማግሌ ይላካል፤ መጥቶ ደጅ ቆሞ ይለምናል፤ የተጣላው ሰው ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ሳሎኑን ጠርጎ፣ አራት ወንበር ደርድሮ፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ ገዝቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ እስኪመሽ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከማንም ተጣልቶ ስለማያውቅ እዚህ ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ጠይቆ አያውቅም።

«ሽማግሌ የሚላክብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ማን ይላክብሃል? ሾላው ከቤትህ መቶ እርምጃ አይሞላ!»

«መቶ አርባ ነው» አለ ክብሩ፤ ወዲያው ምላሱን ቢቆርጠው ተመኘ።

ሐመሶ ግን ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ አትለወጥም። ስማ፣ ክብሩ፤ እኔ ጨርሻለሁ። ነገሩን እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ጥዬው ነው የተነሳሁት። በልቤ ምንም የለም።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልጠሩኝም?»

ሐመሶ ሳቁን ዋጠ። ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«የተጣላ ሰው ሽማግሌ ፊት ሳይናገር ከገበታው አይቀርብም። እኛ ቤት እንደዚያ ነው።»

«እኔኮ ቂም የለኝም።»

«አውቃለሁ። ግን አልተናገርክማ።» እጁን የክብሩ ትከሻ ላይ አሳረፈ። «ሽማግሌዎቹ ለከርሞ ሲቀመጡ ና።»

«ለከርሞ?»

«ለከርሞ።»

«አባ ሐመሶ! ቦታዎ ሊወሰድ ነው!» የሚል ድምፅ ከሰልፉ መጣ። ሐመሶ የክብሩን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ተመለሰ። ሁለት ወጣቶች ክንዳቸውን ከፈቱለት፤ ገባ፤ ክንዶቹ ተዘጉ። አፍታም ሳይቆይ ከጀርባ የትኛው እሱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ሰልፉ ዞረ። እየዘለለ በቀጥታ ወደ ክብሩ መጣ። መሸሽ ነበረበት፤ ባለበት ቆመ። ጨፋሪዎቹ እሱ ዘንድ ሲደርሱ ለሁለት ተከፈሉ፤ በግራና በቀኙ ትከሻቸው ሳይነካው አለፉ፤ ከኋላው ተመልሰው ተያያዙ። ዜማው ወደ ሐይቁ በኩል ራቀ።

አቧራው ሲወርድ ክብሩ ወደ መሬት አየ። ዙሪያውን ያለው ሣር ሁሉ በመቶዎች እግር ተረግጦ ተኝቷል። በጫማዎቹ ዙሪያ ብቻ ጥቂት ሣር እንደ ጠዋቱ ለምለም ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።