የእንሰቱ ቢላ

«መልሱን አመጣህልኝ?» አሉ እትዬ ትርሲት፣ ተመራማሪው ዶክተር እምድብር ዳር ወዳለው ጓሯቸው ሲገባ። የዩኒቨርሲቲው ሰው ግን መልስ ሳይሆን መጠይቅ ነበር የያዘው፤ እንሰታቸው ለምን እንደሚጠወልግ እሳቸውኑ ሊጠይቅ።

«አምና ሌላው ዶክተር ይህንኑ ጠይቆኝ፣ ሥሩንም ቆርጦ ወስዶ የለም እንዴ?»

«እሱማ መረጃውን ለማንም አያሳይም!» አለ። ቆቡ ላይ «ሳይንስ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ወልቂጤ ሥልጠና ላይ የታደለው።

«አንተስ የምታገኘውን ታሳየዋለህ?»

እጁ ሳያስበው አንገቱ ላይ ወደተንጠለጠለው የመረጃ ፍላሽ ሄደ። «ጥናቴ ሳይታተም? ይሰርቀኛል እኮ፣ እማማ!»

እትዬ ትርሲት የቀሩላቸውን አራት እንሰቶች አዩ። የታመመውን የቆረጡበትን ቢላ ለብቻው ሰቀሉት።

«እኛስ ለጎረቤት የማናውሰው በሽታ የነካውን ቢላ ነው። እናንተ ደግሞ መድኃኒቱን።»