ሐያሲውና የሃይኩ ማኅበር

እስቲ ንገሩኝ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ የሦስት ስንኝ ግጥም ምኑ ይጣፍጣል? ሐያሲው በጋዜጣ ዓምዱ ወር ሙሉ የጮኸው ይህንኑ ነው። ቅኔ ቆጥሮ ያደገ ሰው፣ ሃይኩ የተባለውን የጃፓን አጭር ግጥም በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ማኅበር ሲቋቋም ዝም ይበል? ቅዳሜ ሊያሳፍራቸው ግጥም ወደሚያነቡበት አዳራሽ ሄደ፤ ከፊት ተቀምጦም ስህተት ሊለቅም ማስታወሻው ላይ አቀረቀረ።

አንድ ሻካራ ድምፅ በእንግሊዝኛ ሦስት ስንኝ አነበበ። ዝናቡ አባርቷል፤ አንድ ሰው ግን ጃንጥላውን ዘርግቶ አሁንም ሰማዩን ይቆጣል።

ሐያሲው ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ። ቀና ሲል መድረኩ ላይ የቆሙት ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅኔ ያስቆጠሩት መምህሩ።

"የኔታ፣ እርስዎም?"

"የኛ ጉባኤ ቃና ቅኔ ሁለት ስንኝ ነው። በስተርጅና ሦስተኛ ሲጨመርልኝ እንቢ ልበል?"

"በእንግሊዝኛ ግን..."

"በግዕዝ ስቀኝማ አንተ ታንቀላፋ ነበር።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የኔታ መቋሚያቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ።

"ወር ሙሉ በጋዜጣ ስትሰድበን ከርመሃል። በል አሁን ተነሥና በጉባኤው ፊት መልስ፤ ምኑ ነው ያሳቀህ?"