ቁመቷ

በአሳማ እርባታው ገና ያልወለዱትን እንስቶች የሚንከባከበው ሰውዬ የበረቱን በር አልከፍትም አለ።

«አርባ ሁለት ቁጥር ወንድ ፈልጋለች፤ ዛሬውኑ አውራው ጋ አስገባት» አለው ሥራ አስኪያጁ። «ቁመቷን አታይም? ደርሳለች።»

«ቁመት ያታልላል፣ ጋሼ ዘርጋው። ገና ስድስት ወሯ ነው፤ ዳሌዋ አልጸናም። አምና ታላቋን እንዲህ አጣድፈን አይደል፣ ሁለት ቀን አምጣ እጄ ላይ የሞተችው?»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አዞረ።

«እሺ፣ ሁለት ወር ትቆይ። ፈቃድ የጠየቅኸው ለመቼ ነበር?»

«ለእሑድ። ልጄን ልድር ነው።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ስንት ዓመቷ ነው?»

ሰውዬው እጁን ከአርባ ሁለት ቁጥር ጀርባ ላይ አላነሳም።

«አሥራ ሦስት። ግን ቁመቷን ቢያዩ፣ ደርሳለች።»